ከሪማ፣ ገመድ የምትሸጠው

አዳማ ውስጥ ሰው የሚያምን ሰው ፈልጉ ብትባሉ የትም ሂዱ፣ ከሪማ ቤት ግን አትሂዱ። ጨው ስትገዛ ገበያው መሃል ቆማ ትቀምሰዋለች፤ ቤቷ ደርሳም መልሳ ትቀምሰዋለች፣ በመንገድ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል ብላ። እንዴት አደርሽ ያላትን ሰው «ምን ፈልገህ ነው?» በሚል ዓይን ታየዋለች። አይፈረድባትም። ባሏ ወደ አርሲ ጭኖ ሲሄድ፣ አዋሽን እንደተሻገረ ንዳድ ገደለው። አብረውት የነበሩት ነጋዴዎች ተመልሰው ሲመጡ በቅሎዎቹን ጅብ በላቸው አሏት። አንድ በቅሎ ጅብ ይበላል፣ እሺ። አራት በቅሎ ከነኮርቻው የሚበላ ጅብ ግን ከሪማ በወሎም በሸዋም ሰምታ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የዘወትር ዱዓዋ ሆነ።

ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብላ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ገመድ ትሸጣለች። ገመዷ ከቃጫ የተገመደ፣ ግመል ቢታሰርበት የማይበጠስ ነው። ጎረቤቱን ግራ የሚያጋባው ብዛቱ ነበር። ሴትዮዋ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቋ ደጃፍ ተቀምጣ ስትሸጥ እየዋለች ገመዱ አያልቅም። «ከሪማ ስንት እጅ ነው ያላት?» ይባባላሉ።

ከሪማ እንደማንኛችንም ሁለት እጅ ነበራት። ሌሎቹ ሁለት እጆች የቡዜ ናቸው።

ቡዜ ከሁለት ክረምት በፊት አንድ ማለዳ፣ እግሯ በእሾህ ተበልቶ፣ ከሪማ በር ላይ ተቀምጣ ተገኘች። በልጅነቷ ከወላይታ ተወስዳ፣ ሁሩታ አጠገብ አንድ ባላባት ቤት በባርነት ያደገች ናት። ከሪማ እንደ ልማዷ «ማነሽ? ምን ሰርቀሽ ነው የምትሸሺው?» አለቻት።

«ራሴን» አለች ቡዜ። «ራሴን ሰርቄ መጣሁ።»

ከሪማ በሕይወቷ ሰምታ ያልጠረጠረችው ንግግር ይህ ብቻ ነው። እጇን ይዛ አስገባቻት። ባሪያ ነፃ ይውጣ የሚለው አዋጅ ወጥቷል፣ እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ተነግሯል። ሁሩታ ለመድረስ ግን አዋጁ ገና አዋሽን አልተሻገረም ነበር፤ ዳኛውና ባላባቱ የሚበሉትም ከአንድ ገበታ ነው። ስለዚህ ቡዜ ጓዳ ተቀምጣ ትገምዳለች፤ ከሪማ ስትወጣ ቤቱን ከውጭ ትቆልፋለች፣ ቤቱ ባዶ መስሎ እንዲታይ፤ ቁልፉም በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ይውላል። ከሁለቱ ሌላ ምስጢሩን የምታውቀው የከሪማ ልጅ ሳፊያ ብቻ ነበረች፤ እሷም ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

አንድ ሰው ግን ነገር ማሽተት ጀምሯል። ደሊል ይባላል፤ የዚያው የሁሩታ ባላባት የእህል ወኪል ነው፣ በየቅዳሜው ለገበያ ይመጣል። አንድ ቀን ከሪማ ሱቅ ቆሞ የገመዱን ጫፍ በጣቱ እያገላበጠ፣

«አካም ጅርታ፣ ከሪማ። ይህን ቋጠሮ የት ነው የማውቀው?» አላት።

«ገመድ ሁሉ ቋጠሮ አለው» አለችው።

«የእኛ ቤት የጠፋችዋ ልጅ ጫፉን እንዲህ ወደ ውስጥ መልሳ ነበር የምትቋጨው።»

ከሪማ ያን ቀን ማታ ከቡዜ ጋር ተቀምጣ የገመዶቹን ሁሉ ጫፍ ፈታችና በራሷ አቋጣጠር ቋጨችው። «ከእንግዲህ በእጅሽ አትቋጪ» አለቻት። ቡዜም አልቋጨችም። ከዚያ ወዲህ ከሪማ ደሊልን ባየች ቁጥር የአንገቷን ቁልፍ ትዳብሳለች።

እንዲህ ያለች ሴት ልጇን እንዴት ትምህርት ቤት ላከች ትሉ ይሆናል። የላከቻት ከጥርጣሬዋ የተነሳ ነው። ከወሎ ከወንድሟ የሚመጣላትን ደብዳቤ የሚያነብላት ጸሐፊ ግማሹን የሚውጥባት እየመሰላት ነበር፤ ገጽ ሙሉ የተጻፈውን «ደህና ነን ይላሉ» ብሎ ያጥፈዋል። «ልጄ ትማር፣ ማንም አፉ እንዳመጣለት እንዳያነብልኝ» አለችና፣ በዚያ ዓመት ጣቢያው አጠገብ ወደተከፈተው የቆርቆሮ ቤት ትምህርት ቤት ሳፊያን ወሰደቻት። ከአሥራ አራት ወንዶች መሃል አንዲት ሴት ሆነች።

አስተማሪው መርጋ የሚባል የወለጋ ሰው ነው፤ ሚሲዮኖች ያስተማሩት፣ ጫማ የሚያደርግ፣ ቀይ ቀለም በትንሽ ብልቃጥ ይዞ የሚዞር። ዘመድ የለው፣ ሚስት የለው፣ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ባይተዋር ነው። ከሪማ የመጀመሪያውን ወር ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ኋላ እየቆመች አዳመጠችው። አንድ ቀን እንዲህ ሲል ሰማች፦

«‹ገርባ ወደ ቢሾፍቱ ሄደ› በሉ። ደግ። አሁን ገርባ ማን እንደሆነ ጨምራችሁ ንገሩን። ‹ገርባ፣ ማር የሚሸጠው፣ ወደ ቢሾፍቱ ሄደ።› ‹ማር የሚሸጠው› የምትለዋን ከፊት አንድ ነጠላ ሰረዝ፣ ከኋላ አንድ ነጠላ ሰረዝ አድርጋችሁ እጠሯት። በአንድ ወገን ብቻ ያጠረ ሰው ምን ይሆናል?»

«በጉን ጅብ ይበላበታል!» ብለው ልጆቹ ጮኹ።

ከሪማ ጅብ የሚለውን ስትሰማ ደስ አላላትም። ይልቁንም የከነከናት ሌላ ነው፤ ገርባ ምን እንደሚሸጥ፣ ወዴት እንደሄደ ይህ ሰው ምን አገባው?

ነገሩ በዚሁ ባለፈ ነበር። ግን በዚያ ሰሞን በሁሩታ መንገድ የተዘረጋው የስልክ ሽቦ ተቆረጠ። አምባር ሊሠራበት ይሁን ጥጋብ ይሁን አልታወቀም። የከተማው ሹም ነገሩ ከላይ ሳይሰማበት ብሎ አውጫጭኝ አዘዘ፤ ቅዳሜ የቤት አባወራ ሁሉ፣ ባል የሌላትም ሴት ራሷ፣ ዋርካው ሥር ይሰብሰብ ተብሎ ተለፈፈ።

አውጫጭኝ እንደሚታወቀው ነው። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ አገሩ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይውላል። ሳይፈቀድለት ተነስቶ የሄደ ሰው፣ ጥፋቱ የእሱ ነው። ምስክር በስሙ አይጠራም፤ ያየ ሰው ያየውን ለሽማግሌ ሹክ ይላል፣ ሽማግሌው ተነስቶ «ወፍ እንዲህ ብላ ነገረችኝ» ይላል። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም። ስለዚህ በአውጫጭኝ ሰሞን ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ምንቃር ሲፈልግ ይሰነብታል።

ታዲያ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው መንደር፣ የአስተማሪው ተማሪዎች ወረቀት ይዘው በየደጁ መዞር ጀመሩ። «እርስዎ ማን ይባላሉ? ሥራዎ ምንድን ነው?» ይላሉ። ይጽፋሉ። መምህሩ እያንዳንዳችሁ ከመንደራችሁ አንድ ሰው መርጣችሁ ማን እንደሆነ ጽፋችሁ፣ በሁለት ወገን አጥራችሁ አምጡ ብሏቸዋል። ከሪማ አንዱን ልጅ አየችው፣ ሁለተኛውን አየችው፣ ሦስተኛው ላይ ሱቋን ዘጋች። ወፎቹ እነዚህ ናቸው! ሹሙ ትልቅ ሰው እንደማይነግረው አውቆ ሕፃናትን በአስተማሪ እጅ አሰማራቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ከሪማ ልጡን ከእባቡ መለየት ከተወች ቆይታለች።

ሐሙስ ሳፊያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወረቀቷን ከእጇ ነጠቀቻት።

«የማንን ነው የጻፍሽው?»

«ያንቺን፣ እማ።»

«አንብቢው።»

ሳፊያ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ «እናቴ ከሪማ፣ ገመድ የምትሸጠው፣ በማንም ተታልላ አታውቅም።»

ከሪማ ወረቀቱን አየችው። ሦስት መስመር ነው። ልጅቷ ያነበበችው ግን የአንድ መስመር ትንፋሽ ነው።

«የቀረው የት ሄደ?»

«ሦስት ጊዜ ጻፉ ስላለን ነው። ሦስቱም አንድ ነው።»

«ሦስቱም አንድ ከሆነ ምን ሊሆን ይጻፋል?»

«እጃችን እንዲለምድ።»

ከሪማ ልጇን አፍጥጣ አየቻት። ደብዳቤ ጸሐፊው ገጹን ሙሉ «ደህና ነን» ብሎ ሲያጥፍ የሚያሳየው ፊት ትዝ አላት፤ ይኸው አሁን ልጇ ፊት ላይ ያየችው መሰላት። የመጀመሪያው መስመር ስለ እሷ ይሁን፣ እሺ። ሁለተኛው ስለ ማን ነው? ሦስተኛውስ? ከጓዳው ቡዜ «ተያት እንጂ፣ ልጅቷ አትዋሽም» አለች በቀስታ። ከሪማ ግን ልጇን አላመነቻትም። ይህን እያወቅሁ ልሸሽግላት አልችልም፤ የገዛ ልጇን፣ ለማንበብ ብላ ያስተማረቻትን፣ አላመነቻትም።

ወረቀቱን ልታቃጥለው አሰበች። እሳት ቢነካው ግን አስተማሪው ለምን ብሎ ይጠይቃል። ስታመነታ አርብ ነጋ፤ ሳፊያም ወረቀቷን ይዛ ሄደች። ከሪማ ቆይታ ተከተለች፤ አስተማሪውን ከቆርቆሮው ቤት ደጃፍ አገኘችው።

«የልጄን ወረቀት ይመልሱልኝ» አለችው።

«ምን ነው፣ እትዬ ከሪማ? ገና አላረምኩትም እኮ። ሁሉም ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል።» ፈገግ አለ። «የሳፊያ ከሁሉም ይበልጣል። ነገ ለሹሙ ላሳያቸው ነው። ልጆቹ መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት፤ እንዲህ እንደሚጽፉ ቢያይ ለመቀመጫ የሚሆን እንጨት ይፈቅድልን ይሆናል።»

ከሪማ የሰማችው «ነገ ለሹሙ ላሳያቸው ነው» የሚለውን ብቻ ነበር። እንጨቱንም መቀመጫውንም አልሰማችም። አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ በነጠላዋ ላይ ጨብጣ ወደ ገበያ ወረደች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ እሷ ራሷ ሰው ጠርታ ማውራት ጀመረች። «ልጆቻችንን ወፍ አደረጋቸው» አለች ለማር ሻጩ ለገርባ። «የእያንዳንዳችንን ቤት እየጻፈ ነው» አለች ለበርበሬ ሻጯ ለዘርፉ። በአውጫጭኝ ዋዜማ እንዲህ ያለ ወሬ ክብሪት አይፈልግም። እስከ ማታ ድረስ ልጁን ያልቆነጠጠ ወላጅ አልቀረም። የከሪማ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ወረቀቶቹ ሹሙ እጅ ሳይገቡ አገሩ ጮኾ ያቃጥላቸዋል።

ቅዳሜ ዋርካው ሥር ሰዉ ተቀመጠ። ሹሙ ምንጣፍ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ በቀኙ። ዋናው ሽማግሌ ሼህ ጂብሪል ናቸው፤ ጢማቸው የነጣ፣ በነገር የማይቸኩሉ ሰው። ለገበያ የመጣም ቢሆን የሁሩታን መንገድ የሚረግጥ ሁሉ ይቀመጥ ስለተባለ ደሊልም ከኋላ፣ በቅሎውን ግንድ ላይ አስሮ ተቀምጧል። ከሪማ አየችው፤ ነጠላዋን ቁልፉ ላይ ደረበች።

የሽቦው ነገር ተጠየቀ። ሼሁ ሁለተኛ ሲጠይቁ ከሪማ ብድግ አለች።

«ወፍ የምትፈልጉ ከሆነ ትምህርት ቤት ሂዱ! አስተማሪው ሕፃናቱን በየቤታችን ልኮ ሲያስጽፍ ነው የሰነበተው!»

«እውነት ነው!» አለ ገርባ። «የእኔም ልጅ ጽፏል!» አለች ዘርፉ። ጩኸቱ ዋርካውን ሞላው። ሹሙ ስለ ወረቀቶቹ ምንም አያውቅም ነበርና ግራ ገባው። «አስተማሪው ወረቀቱን ይዞ ይምጣ!» አለ።

መርጋ መጣ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ያስተምር ስለነበር ጣቱ ላይ ቀይ ቀለሙ አልደረቀም። ሰዉ ሲያጉረመርምበት ፊቱ ገረጣ፤ ግን ሳይከራከር፣ «ልጆቹ የጻፉትን ላንብብላችሁ፤ ክፉ ነገር ካለበት እኔው አቃጥለዋለሁ» አለ።

አንደኛውን አነበበ። «አቶ ገርባ፣ ማር የሚሸጡት፣ ንብ ሲነድፋቸው ይስቃሉ።» ሰዉ ፈገግ አለ። ሁለተኛውን አነበበ። «እትዬ ዘርፉ፣ በርበሬ የሚደልዙት፣ ሲያስነጥሳቸው መንደሩ ይነቃል።» አሁን ሰዉ ሳቀ፣ ዘርፉም ራሷ ሳቀች። ሹሙ በጋቢው አፉን ሸፈነ። አንድ በአንድ ሲያነብ ቁጣው እንደ ጉም ተነሳ። ከሪማ ብቻ አልሳቀችም። እያንዳንዱ ወረቀት ባለቀ ቁጥር የሳፊያ እየቀረበ ነው።

«ይህ የመጨረሻው ነው» አለ መርጋ። «ይህ የሳፊያ ነው።»

ሦስቱ መስመሮች ከሩቅ ታዩዋት። ደሊል ከኋላ አንገቱን አሰገገ፣ ወይም ያሰገገ መሰላት።

«ውሸት ነው!» ብላ ጮኸች ከሪማ። «ቡዜ የማንም አይደለችም! የእህቴ ልጅ ናት! ከጓዳ የማትወጣው ዓይኗን ስለሚያማት ነው!»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ቡዜ ማን ናት?» አለ ሹሙ።

መርጋም ወረቀቱን እንደያዘ ቀርቶ፣ ያልገባው ሰው እንደሚያደርገው፣ ፊቱ ያለውን አነበበ፦ «እናቴ ከሪማ፣ ገመድ የምትሸጠው፣ በማንም ተታልላ አታውቅም።» ቀጥሎ ሁለተኛውን መስመር አየ። ሦስተኛውንም አየ። «ሦስት ጊዜ ነው የተጻፈው» አለ በዝቅተኛ ድምፅ። «ሦስቱም አንድ ነው።»

ከሪማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጇ እውነቷን ነበር። ቡዜን አሳልፎ የሰጠ አስተማሪም፣ ሕፃንም፣ ወፍም አልነበረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ የወጣውም ከራሷ አፍ ነው። እንዲህ ያለ ሐፍረትና ፍርሃት አንድ ላይ ይዟት አያውቅም።

ደሊል ተነሳ። ኩታውን አራገፈና ወደ በቅሎው ሄደ።

«ወዴት ነው?» አሉ ሼህ ጂብሪል።

«ጌታዬ ቤት አስቸኳይ ጉዳይ አለኝ፣ ሼህ።»

«የተሰበሰብነው ስለ ሽቦ ነው፣ ልጄ። ወፏ ሳትናገር ከአውጫጭኝ የተነሳ ሰው ሽቦውን የቆረጠው እሱ ነው። ሕጉ ከእኔ በፊት የነበረ ነው። ቆርጠሃል?»

ደሊል ወደ ሹሙ አየ። ሹሙ የፈለገው ሽቦውን እንጂ የጠፋች ልጅ አልነበረም፤ «ተቀመጥ!» አለው። ደሊል ተቀመጠ።

ሼሁ ከሪማን ሰረቅ አድርገው አዩዋት። ያኔ ገባት፤ ጊዜ ሰጥተዋታል። ግን እሷም ከዚህ መነሳት አትችልም። ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ባቡር ከቀትር በኋላ አዳማን ያልፋል፤ ቡዜ ደግሞ ከውጭ ተቆልፎባታል፤ ቁልፉም እዚህ አንገቷ ላይ ነው።

«አንተ የአገሩ ሰው አይደለህም፣ የሁሩታንም መንገድ አትረግጥም፣ አውጫጭኙ ውስጥ የለህበትም፤ ሂድ፣ ልጆችህን አስተምር» አለው ሹሙ መርጋን።

ሊወጣ ሲል በከሪማ አጠገብ ማለፍ ነበረበት። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ተነስቶ መሄድ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ትናንት በገበያ ስሙን ያጠፋችው፣ ዛሬ አገር ያስነሳችበት ሰው ነው። ቂም ቢይዝ ማን ይፈርድበታል? ቁልፉን ወስዶ ቡዜን ለደሊል ጌታ ቢሸጣትስ? ከሪማ ይህን ሁሉ በአንድ እርምጃ ውስጥ አሰበች። ከዚያ ክሩን ከአንገቷ በጠሰችው።

መርጋ ጎንበስ ብሎ የሳፊያን ወረቀት ሰጣት። «በደንብ ነው የጻፈችው» አላት። እሷም ወረቀቱን ስትቀበል ቁልፉን እጁ ውስጥ ከተተች። እሱም ሳያያት አለፈ። ጫማው አቧራውን እያነሳ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ ከዚያ ወደ እሷ ቤት ይሂድ ወደ ሌላ አላወቀችም።

ፀሐይዋ ዞረች። ወፏ አልተናገረችም። ከቀትር በኋላ ባቡሩ ጮኸ፣ ጣቢያው ላይ ቆመ፣ እንደገና ጮኾ ወደ ቆላው ወረደ። ከሪማ በሁለት እጇ ወረቀቱን ጨብጣ ተቀመጠች። የምትሠራው ሥራ፣ የምትቀምሰው ጨው፣ የምትቆልፈው በር አልነበራትም። ማመን ብቻ ነው የቀራት፤ እሱን ደግሞ አልለመደችውም፣ ያማታል።

ሊመሽ ሲል ሹሙ ጉባኤውን ለሰኞ ቀጠረው። ደሊል በቅሎውን ፈትቶ በቀጥታ ከሪማ ቤት ደጃፍ ደረሰ። እሷም እየሮጠች ደረሰች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደሊል ጓዳውን አየ፣ የአልጋውን ሥር አየ። የተከመረ ቃጫና አንዲት ልጅ ብቻ ነበሩ። ተሳድቦ ወጣ።

ሳፊያ ቁልፉን ይዛ ጥግ ላይ ቆማለች። መምህሩ ከትምህርት ቤት ጠርቷት ቤቱን ያሳየችው እሷ ናት።

«ሄደች?» አለች ከሪማ።

«ባቡሩ ላይ አሳፈራት። ድሬዳዋ የሚያውቃቸው ሰዎች አሉ፣ ለእነሱ ደብዳቤ ጻፈላት።»

«እንዴት ከማያውቁት ሰው ጋር ወጣች? አልፈራችም?»

«መጀመሪያ ፈርታ ነበር፣ እማ። በሩ ሲከፈት ቃጫው ውስጥ ተደበቀች፣ አልወጣም አለች። መምህሩ ምንም ቢላት አላመነችውም። ከዚያ ቁልፉን አየችው።» ሳፊያ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «‹ከሪማ በእጇ ሰጠችህ?› አለችው። አዎ አላት። ‹ከሪማ ካመነችህ ደህና ሰው ነህ› ብላ ተነሳች።»

ከሪማ መሬት ላይ ተቀምጣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አልቅሳ የማታውቀውን ልቅሶ አለቀሰች። ሳፊያም አጠገቧ ተቀመጠች። ጓዳው ውስጥ ጠዋት የተጀመረው ገመድ ተዘርግቷል፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ተመልሶ፣ በቡዜ እጅ ተቋጭቷል።

ቆይታ ወረቀቱን ዘርግታ ለልጇ ሰጠቻት። «አንብቢልኝ» አለቻት። ሳፊያ አነበበች። «ሁለተኛውንም» አለች፤ ሁለተኛውንም አነበበች። «ሦስተኛውንም።»

ከዚያ በልማዷ ቁልፉን በተበጠሰው ክር ቋጥራ አንገቷ ላይ ልታስር አነሳችው፤ የሚቆለፍበት ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላት መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው።